ባለ ስምንቱ ይበቃኛል

ደብረ ታቦር
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትሽ በስተቀር» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ይህን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሬ ስጽፍልሽ ኖሬ ቃሉ ራሱ አልቆብኛል። ዘንድሮ የምመረቅ ሰው ነኝና እንደ ትልቅ ሰው ልንገርሽ፤ ናፍቀሽኛል።

ለምን በስልክ እንደማልነግርሽ ለጠየቅሽኝ፣ በስልክማ ሞክረነው የለ? አንቺ «ልጄ» ብለሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እከተልሻለሁ፣ አክስቴ ውቢት ከኋላዬ ሆነው «ኧረ ካርዱ አለቀ!» ይላሉ፤ ወሬው ሳይጀመር ይዘጋል። ጓደኛሽ ትዝታ ለልብስ ንግዷ ከሐሙሲት ሻርጃ እስከተመላለሰች ድረስ ደብዳቤ ይሻለናል። ባለፈው ግን ከበርበሬው ጋር አድርጋ አምጥታልሽ ስታነቢ ስታስነጥሺ ዋልሽ አሉ። እኔ ደግሞ ያለቀስሽ መስሎኝ ነበር።

አሮጌው ላፕቶፕ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። አልሞተም፤ ግን እሱና ሥራው አልተመጣጠኑም። የመመረቂያ ሥራዬ ለወንዛዬ ፍል ውኃ የመታጠቢያ ሕንፃ ዲዛይን ማድረግ ነው። ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ መውረጃውን ስስል ላፕቶፑ እያጉረመረመም ቢሆን ይታዘዘኛል። እንፋሎቱን የጨመርኩበት ቀን ግን ቀጥ አለ። እንፋሎት ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ለኮምፒውተር ከድንጋይ ግድግዳ ይከብዳል። ብርሃኑ በጉሙ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ከውኃው ላይ እንዴት እንደሚመለስ እያሰላ፣ ሥዕሉን ፎቶ አስመስሎ ማውጣት አለበት። ይህን የሚያሰላው ፕሮሰሰር የሚባለው ነው፤ የኮምፒውተሩ አንጎል በዪው። የእኔው ጠዋት ይጀምርና ማታ ላይ ደርቆ አገኘዋለሁ።

«ለምረቃሽ አዲስ ልግዛልሽ፣ የትኛው እንደሚሻል አወዳድሪልኝ» ስላልሽኝ ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሞላን አማከርኩት። ሁለት ዓይነት አሉ አለኝ፤ አንዱ ባለ ስምንት ኮር፣ ሌላው ባለ ሃያ አራት። ኮር ማለት ሠራተኛ ነው። ለገብስ አጨዳ ደቦ ስትጠሪ ከስምንት ማጭድ ሃያ አራት ማጭድ ይሻልሻል፤ እንፋሎቱን ማውጣትም እንደ አጨዳ ነው፣ ሰው በበዛ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። መሳሉ ግን እንደዚያ አይደለም። መሳል ሞፈር እንደ መጥረብ ነው፤ ሃያ አራት ሰው ቢከበው ይገፋፋል እንጂ አይፈጥንም፣ አንድ ቀልጣፋ ጠራቢ ይበቃዋል። በዚያ በኩል ሁለቱ እኩል ናቸው። ስለዚህ እውነቱን ከፈለግሽ ባለ ሃያ አራቱ ይበልጣል። ባለ ስምንቱ ከጠዋት እስከ ምሳ የሚለፋበትን፣ ቁርስሽን በልተሽ ሳትነሺ ያደርሰዋል ይላል ሞላ። ሞላ ትንሽ ይጨምራል። ለእኔ ባለ ስምንቱ ይበቃኛል።

ይህ ሁሉ ይቆየንና፣ ኮንትራትሽ የካቲት ላይ ያልቃል። ለፋሲካ ትመጫለሽ አይደል? አክስቴ ገሳይ ባለው ቤታቸው በጉን ከአሁኑ መርጠው ማሰር ጀምረዋል። መጀመሪያ ይህን መልሽልኝ። ወገብሽስ?

ልጅሽ የምስራች


ሻርጃ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምስራች፣

ሰላምታዬ እንደ ልማዱ ብዙ ነው፤ አንቺ ቃሉ አልቆብኛል ስላልሽ አላደክምሽም። መልስ በመዘግየቴ ይቅር በዪኝ። የማዳም ልጆች ከነልጆቻቸው መጥተው ሰነበቱ፤ ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ መሆኑን ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

ወገቤ ደህና ነው። ወገብ ያለው ሰው ሁሉ ያመዋል፤ የማያመው ግንድ ነው።

ዛሬ ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ከትዝታ ጋር ኮምፒውተር መሸጫ ሄድን። ሻጩ «ለምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። «ለእንፋሎት» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና እየመራ ወደ ካውያው መደርደሪያ ወሰደኝ። ትዝታ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጥታ ሄደች። ሰው እኔን ሲያይ ካውያ ይታየዋል፤ አልፈርድበትም፣ እኔም በሕልሜ የማየው እሱኑ ነው። «ልጄ ሕንፃ ትሠራለች» አልኩትና ወንበር ሰጠኝ።

ባለ ስምንቱን አየሁት፣ ደህና ነው። ባለ ሃያ አራቱንም አየሁት።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ በሕይወቴ ሰው «ይበቃኛል» ሲለኝ አምኜ ሳህን አንስቼ አላውቅም። እናቴም አላነሳችም። ሰው «ይበቃኛል» ሲል በሞቴ ብለሽ ጨምሪለት ተብዬ ነው ያደግኩት። የሚበቃው ሰው ዝም ብሎ ይበላል እንጂ እንዲህ ብሎ አይጽፍም። ከዚያች ቃል በላይ ያለውንም አንብቤዋለሁ፤ «እውነቱን ከፈለግሽ ይበልጣል» ብለሻል። እናትሽ ከአራተኛ ክፍል ብታልፍም ባታልፍም ይህችን ማንበብ አያቅታትም።

ስለ ፋሲካ ገና ነው። በጉ ይቀለብ።

ወንዛዬ ሴቶቹ የሚወርዱበት ድንጋይ አሁንም ያንሸራትታል? እኔ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስሄድ ያንሸራትት ነበር። እቴ ውቢትን ሳሚልኝ።

እናትሽ ፈንቴ


ደብረ ታቦር
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ስለ ፋሲካ «ገና ነው» ብለሽኝ ነበር፤ ይኸው ገናም አለፈ።

ድንጋዩ አሁንም ያንሸራትታል። ሄጄ አይቼው መጣሁ፤ አክስቴን አስከትዬ ሜትር ይዤ ስለካ ዋልኩ። አክስቴ የሜትሩን ጫፍ ይዘው አንዷን በሽተኛ በወሬ ጠመዷትና ጫፉን ለቀቁት፤ ግድግዳው በወረቀቴ ላይ ከተራራው በለጠ። እንደገና ለካን። በደረጃው ፈንታ ዝቅ እያለ የሚወርድ መንገድ አድርጌ ዳርና ዳሩን መደገፊያ አበጅቼለታለሁ። እዚያ ያየሁትን ልንገርሽ፤ ብቻዋን የመጣች ሴት አንድም የለችም። ውኃ ውስጥ የምትገባዋ አንዲት፣ ዳር ቆማ ልብሷን የምትይዝላት ሌላ። ከውኃው ስትወጣ ክንዷን ይዛ ነጠላ ታለብሳታለች። እኔም ልብስ ለምትይዘዋ ሰው መቀመጫ ሠራሁላት። መምህሬ ይህን አይተው «ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ከወንዛዬ ነው ያመጣሁት።

አንድ ችግር ገጥሞኛል። ሥዕሉ ውስጥ ሰዎች መግባት አለባቸው፤ ሕንፃው ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው በሰው ነው። ፕሮግራሙ የራሱ ሰዎች አሉት፣ ግን ሁሉም ፈረንጆች ናቸው። ወንዛዬ ፍል ውኃ ዳር ውሻውን በገመድ የሚጎትት ቁምጣ ሱሪ የለበሰ ሰውዬ አቆምኩና አክስቴን አሳየኋቸው፤ «ይኼንን ማን አስገባው?» ብለው ተቆጡ። አጠፋሁት። አሁን አንቺን እየሠራሁሽ ነው። መውረጃው ዳር ተቀምጠሽ እግርሽን ውኃው ውስጥ ትነክሪያለሽ። ፎቶሽ ያለኝ ግን ለፓስፖርት የተነሳሽው ብቻ ነው። ስለዚህ ጻፊልኝ፤ ቁመትሽ ስንት ነው? ወፍረሻል? ጠጉርሽስ? ስትቀመጪ ወደ የት ዘንበል ትያለሽ?

ስለ ኮምፒውተሩ፣ ትልቁን እንዳትገዢ። ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ እዚህ መብራት መጥፋቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ባለ ስምንቱ ይበቃኛል ብያለሁ።

ለፋሲካ የሚለውን ጥያቄ እንደገና ጽፌዋለሁ፣ እንዳታልፊው።

የምስራች


ሻርጃ
የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምስራች፣

ይህን ስታነቢ ቁጭ ብለሽ ይሁን። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም። ደህና ነኝ።

ፈረምኩ። ሁለት ዓመት ነው።

ማዳም ኮንትራት ለሚያድስላት ጉርሻ ትሰጣለች፤ እሱ ሲጨመር ባለ ሃያ አራቱ ተቻለ። ለምረቃሽ ይደርሳል፣ ትዝታ በእጇ ይዛው ትመጣለች እንጂ ከሻንጣ አታስገባውም፤ አስምያታለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ «ፈንቴ ለአንድ ልጇ ትንሹን ይዛ ገባች» አይባልም። ሰውስ ባይል እኔ ለራሴ ምን እላታለሁ? አንቺን አምስተኛ ክፍል ትቼሽ ስመጣ «ሁለት ዓመት ብቻ» ብዬሽ ነበር። ያ ሁለት ዓመት ስንት ጊዜ ሁለት ዓመት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በመጨረሻው ላይ የሚታይ ነገር ይኑረው ብዬ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አሁን እኔና ወረቀቱ አንድ ቤት ነን።

ቁመቴ እንደ ድሮው ነው። ሌላውም እንደ ድሮው ነው። ከፎቶው ላይ ሥሪኝ።

ተቆጪ፣ መብትሽ ነው። ለእቴ ውቢት ግን ቶሎ አትንገሪያት፣ በንዴት በጉን ትሸጠዋለች።

እናትሽ ፈንቴ


ደብረ ታቦር
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ትዝታ ደብዳቤሽን ስትሰጠኝ ቶሎ አልሄደችም። ጫማዋን ስታይ ቆየችና እኔ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ፎቁን ስትወጪ መሀል ላይ ትቀመጫለሽ አሉ። ማዳም እንዳታይሽ ጨርቅ ይዘሽ ደረጃውን የምትወለውዪ ትመስያለሽ አሉ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። «የማያመው ግንድ ነው» ብለሽ ስታስቂኝ እኔ ደግሞ እዚህ ለሞላ እያነበብኩለት አብረን ሳቅን።

ልዋሽሽ አስቤ ነበር። «ባለ ሃያ አራቱ የደብረ ታቦርን ብርድ አይችልም፣ ጠዋት አይነሳም» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ሞላም ይመሰክርልኝ ነበር። አልዋሽም። ይበልጣል። እኔን ሁለት ዕቃ አወዳድሪልኝ አልሽኝ፣ እንደተማርኩት አወዳደርኩ፤ ይሄ ለዚህ ይሻላል፣ ያ ለዚያ ይሻላል፣ ለእኔ ግን ይሄ ይበቃል። ከዚህ ውጭ ያልኩት ነገር የለም። አንቺ ግን የእንግዳ ነገር አደረግሽው።

እማ፣ እኔ እንግዳሽ አይደለሁም። ልጅ በቤቷ ይበቃኛል ካለች በቅቷታል ማለት ነው፤ ማንም በሞቴ አይላትም፣ ሳህኗ ይነሳል። አንቺ ይህን የማታውቂው እኔ ስጠግብ ስላላየሽኝ ነው።

የመጨረሻዋን መስመር ልሰርዛት ነበር። አልሰረዝኳትም።

የምስራች


ሻርጃ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ትዝታ ትቸኩላለችና አጭር ነው። ደብዳቤሽን አነበብኩት። አልተቀየምኩም።

ጠግበሽ ስትነሺ ምን ታደርጊ እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ። እጅሽን በቀሚስሽ ጫፍ ትጠርጊ ነበር መሰለኝ። ወይስ እሷ የውቢት ልጅ ናት?

እናትሽ


ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። እኔ ነኝ። አሁንም በቀሚሴ እጠርጋለሁ፤ አክስቴ እስከዛሬ ይቆጡኛል።

በጉ ታርዷል። አክስቴ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ሊሸጡት ገበያ አውጥተውት ነበር፤ ከመንገድ መልሰው አመጡት። ድርሻሽን ቋንጣ አድርገው ከማጀት ሰቅለውታል። ሰው እንዳይነካው ደግሞ ሥሩ ተቀምጠው ነው ጥጥ የሚፈትሉት። ስለ አንቺ ክፉ አላሉም። «እሷ እኮ ድሮም ሰው ካላስጨነቀች የሰጠች አይመስላትም» ብቻ አሉ።

ሥዕሉን በአሮጌው ላፕቶፕ አወጣሁት። ሞላ እንዴት እንደማቀልለት አሳየኝ፤ ሩቁን ተራራ ቀነስኩለት፣ የጣራውን ሣር ቀነስኩለት፣ እንፋሎቱን ብቻ አልቀነስኩም። ጠዋት ጀመረ፤ ከሥሩ ትራስ አውጥቼ የጠርሙስ ክዳኖች ላይ አቆምኩት፣ አየር እንዲያገኝ። አክስቴ ከገሳይ መጥተው ሲያዩኝ የታመመ ሰው የማስታምም መሰላቸውና «እንዴት ዋለ?» አሉኝ። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች በጥቂት በጥቂቱ ይገለጣል። መጀመሪያ ጣራው፣ ከዚያ ብርሃኑ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከዚያ እንፋሎቱ። እንፋሎቱ ሲመጣ አክስቴ «ይሞቃል» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው።

አንቺን ከሥዕሉ አወጣሁሽ። እንዳይከፋሽ። ከፎቶው ሠርቼሽ ጨርሼ ሳይሽ የፓስፖርቷ ፈንቴ ዛሬ የእኔ እኩያ ልትሆን ምንም አልቀራትም። እህቴን ነው የመሰለችኝ። የአሁኗን ደግሞ አላውቃትም፤ ጠየቅኩሽ፣ «እንደ ድሮው» አልሽኝ። ስለዚህ መውረጃው ዳር ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ሰኔ ላይ ለመምህራኑ ሳቀርብ እንዲሁ ይቀርባል።

እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ያንን ሥዕል ስጠብቅ አልከበደኝም። ለምን እንደሆነ አስቤ ደረስኩበት። ከሥር አንዲት መስመር አለችው፤ ምን ያህል እንደሄደና ምን ያህል እንደቀረው ታሳያለች። ቀስ ብላም ቢሆን ትንቀሳቀሳለች፣ ወደ ኋላ አትመለስም። አንቺን ስጠብቅ ኖሬ እንደዚያ ያለች መስመር አይቼ አላውቅም። ሁለት ዓመት ቀረ ትይኛለሽ፣ ያልቃል፣ ሁለት ዓመት ቀረ ትይኛለሽ።

ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅሽም። በመጋቢቱ ደብዳቤ ልብሽን ከሰበርኩት ይቅር በዪኝ። የጻፍኩት ግን እውነት ነው። ናፍቀሽኛል።

ልጅሽ የምስራች


ሻርጃ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምስራች፣

ደብዳቤሽን ትዝታ ፊት አላነበብኩትም። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው ያነበብኩት።

አሁን የጠየቅሽኝን በየተራ ልመልስ። ቁመቴ እንደ ድሮው አይደለም። ጎብጫለሁ፤ ትዝታ ጋ ስንቆም ድሮ እኩል ነበርን፣ አሁን ትከሻዋ ላይ ነኝ። ጠጉሬ ከፊት ነጭ ሆኗል፤ እቀባው ነበር፣ ተውኩት። ወፍሬ ነበር፣ ከስቻለሁ። ስቀመጥ ወደ ግራ ዘንበል እላለሁ፣ ቀኙ ያመኛል። በዱላ ነው የምሄደው። ዱላውን ማዳም እንዳታየው እስከዛሬ አልጋዬ ሥር እየደበቅሁ ደረጃውን ግድግዳ ይዤ ስወጣ ኖሬያለሁ።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ በማግሥቱ ዱላውን ይዤው ወረድኩ። ደረጃውን ቋ፣ ቋ እያደረግሁ ቁርስ ወደምትበላበት ገባሁ። ማዳም ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ለምን ፈረምሽ ታዲያ?» አለችኝ። ለኮምፒውተር ነው ብላት ምን ልትረዳኝ ነው? «ልጄ ይበቃኛል ብላኝ አላመንኳትም» አልኳት። አኩርፋ ሰነበተች። ከዚያ ጠርታ፣ ጉርሻዋን ወስዳ፣ ትኬቱን ራስሽ ቻይ ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ክፉ ሴት አይደለችም።

ዛሬ ያ ሻጭ ጋ ሄድኩ። አወቀኝ፤ ካውያ አላሳየኝም። ሁለቱንም አቅርቦ ዋጋቸውን በየወረቀቱ ጻፈልኝ። አንቺ ስታወዳድሪያቸው ስለ አጨዳው ጻፍሽልኝ፣ ስለ ሞፈሩ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ሙቀቱ ጻፍሽልኝ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ግን አልጻፍሽልኝም። እኔ አወቅኩት። ከሻርጃ አዲስ አበባ የአንድ ሰው የአውሮፕላን ትኬት ነው። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ሻጩ አስታመመኝ፣ ውኃ ሰጠኝ። ለካስ ይበልጣል የተባለው በእኔ ነው የሚበልጠው።

ባለ ስምንቱን ገዛሁት። ፈንቴ ትንሹን ይዛ ገባች ይበሉ።

ከሰኔ በፊት እደርሳለሁ፤ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ያለውን መንገድ ትዝታ ትይዘኛለች። መጥቼ ስታይኝ ልትደነግጪ ትችያለሽ፣ ደንግጪ፣ እኔም ስላንቺ ፈርቻለሁ። ወንዛዬ ትወስጂኛለሽ፣ ልብሴን ትይዥልኛለሽ። ቋንጣውን ግን እቴ ውቢት ራሷ ታውርደው፣ ማንም አይንካው።

አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ልንገርሽ። ባለ ስምንቱ ከጠዋት እስከ ምሳ ይፈጃል ብለሻል። ይፍጅ። አንድ ወንበር አምጪልኝና አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አብረን እንጠብቀዋለን።

እናትሽ ፈንቴ